የተማሪዎች ኳስ ዳኛ ይሰደባል እንጂ አይተችም

ጎንደር ውስጥ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእግር ኳስ ሲገናኙ በሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ወገን ለይቶ ይቆማል። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው፤ መምህሩም እንዲሁ። የአዘዞው ልጅ የአዘዞን፣ የማራኪው የማራኪን ልጆች ስም እየጠራ ይጨፍራል። ደጋፊ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፊሽካ ይዞ መሀል ሜዳ የሚገባው። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፉት ስለ ጎል አግቢያቸው፣ የተሸነፉት ስለ ዳኛው እያወሩ ወደየቤታቸው ይበተናሉ።

የዚህን ሰው ጉዳይ በቁም ነገር ልናነሳው የሚገባ ይመስለኛል። ዳኞቻችንን አብዝተን እንሰድባለን፤ ሥራቸውን ግን አንተችም። ዳኛው የቱን አጠፋ፣ የቱን በትክክል ሠራ የሚለው በሚያውቅ ሰው ታይቶ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ለራሱ ለዳኛው የሚነገርበት ቦታ እምብዛም የለም። ቦታ ያጣ ቅሬታ ደግሞ የሚወጣው በጨዋታው መሀል፣ በጩኸት ነው። ምስጋናውም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። በውድድሩ መዝጊያ ዕለት “ዳኞቻችንን እናመሰግናለን” ይባላል፤ ጠንቅቆ የዳኘውም፣ ከመሀል ክቡ ሳይርቅ የዋለውም በአንድ ጭብጨባ ይሸኛሉ። ሥራውን ማንም ያላየለት ሰው ተመሰገነም ተሰደበም ምን ማሻሻል እንዳለበት አያውቅም።

“በሕግ ከወሰዱብኝ በቅሎዬ ያለ ሕግ የወሰዱብኝ ጭብጦዬ ያንገበግበኛል” የሚለው አባባል በተማሪዎች ሜዳ ላይ ደጋግሞ እውነት ሆኖ ይታያል። ሦስት ለባዶ የተረታ ቡድን ሦስቱን ጎሎች ዋጥ አድርጎ ይቀበላል፤ በሁለተኛው አጋማሽ ለተቃራኒው ወገን የተሰጠችው አንዲት የእጅ ውርወራ ግን ሳምንቱን ሙሉ ታንገበግበዋለች። ልጆቹ ማሸነፍ ይፈልጋሉ፤ ከማሸነፍ ባላነሰ ግን በእኩል ዓይን መታየት ይፈልጋሉ። በ16 እና በ17 ዓመቱ ያለ ወጣት ከወላጁና ከመምህሩ ውጪ በአደባባይ ሥልጣን ይዞ የሚፈርድበት ሰው የሚገጥመው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በዚህ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ የተማረውን፣ ማለትም ፍርድ ሊታመን ይችላል ወይም አይታመንም የሚለውን፣ ይዞት ይወጣል። ለዚህ ነው የትምህርት ቤት ዳኝነት ከውጤቱ በላይ የሚከብደው።

ጎንደር ደግሞ ኳስን እንደዋዛ የምትይዝ ከተማ አይደለችም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሳ የዛሬዎቹ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሕፃናት ነበሩ። የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። “አፄዎቹ” የሚባለውን ፋሲል ከነማን እያየ ያደገ ልጅ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ሲለብስ ራሱን በዚያው ስታዲየም ውስጥ ያለ ያህል ይቆጥራል። የሚዳኘውም ሰው እንደዚያው እንዲሆንለት ይጠብቃል። ጥበቃው ትክክል ነው፤ ግን ፊሽካውን የያዘውን ሰው ሁኔታ ሳያውቁ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ያ ሰው አንዳንዴ ጠዋት አራት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ከሰዓት በኋላ ሜዳ የወጣ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። አንዳንዴ የጀማሪ ዳኝነት ሥልጠና ወስዶ ደረጃውን ለማሳደግ ጨዋታ የሚፈልግ ወጣት፣ አንዳንዴም ድሮ ተጫውቶ ያለፈና ከኳስ መለየት ያልሆነለት ሰው ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚዳኝ ሰው በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሜዳው በበጋ አቧራ፣ ዝናብ ሲጀምር ጭቃ ነው፤ በኖራ የተሠመረው መስመርም ከእረፍት በኋላ ግማሹ ጠፍቶ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት የትምህርቱንም የውድድሩንም መርሐ ግብር ሲቆራርጠው ቆይቷል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ዳኝነት በመደጋገም የሚበስል ሙያ ነው። ጨዋታ ያላገኘ ዳኛ እንደማይሠለጥን ተጫዋች ነው፤ ልዩነቱ የተጫዋቹ ስህተት ሲረሳ የእሱ አለመረሳቱ ነው።

ከዳር ሆኖ የማይታየው

ከምንሰማቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ ሕጉን ካለማወቅ የሚመነጩ ናቸው። ይህን ለተመልካቹ በግልጽ መንገር ነውር አይደለም፤ የእግር ኳስ ሕጎች 17 ብቻ ናቸው፤ ለመማርም አያስቸግሩም።

ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን እንውሰድ። ሕግ 11 የሚመለከተው ኳሱ በቡድን ጓደኛ የተነካበትን ቅጽበት ነው። ተመልካቹ ግን ዓይኑን የሚጥለው ኳሱ አጥቂው እግር ሥር ሲደርስ ነው፤ በመሀሉ አጥቂው ሦስትና አራት ሜትር ሮጧል። በተጨማሪ ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ መቆም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በጨዋታው መሳተፍ ወይም ተቃራኒን ማወክ ያስፈልጋል። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከግብ ምት በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋችም በዚህ ሕግ አይቀጣም። የመጨረሻውን ነጥብ የማያውቅ ተማሪ ቁጥሩ ያስገርማል፤ ከእጅ ውርወራ በቀጥታ በተቀበለ ተጫዋች ጎል የገባበት ቡድን ዳኛውን ከቦ ሲጮህ የጮኸው በቅንነት ነው፤ አልተማረውም።

ዳኛው ሕጉን ቢያውቅም ዓይኑ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ረዳት ዳኞች በዚህ ሕግ ላይ ከሚሠሯቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከቆሙበት ቦታ እንደሚመጡ አሳይቷል። ረዳት ዳኛው ከኋለኛው ተከላካይ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልሆነና ጥቂት እንኳ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካለ፣ የሚያይበት ማዕዘን ራሱ አጥቂውን ከትክክለኛ ቦታው ውጪ ያሳየዋል። ጥናቱ የተሠራው በሠለጠኑ ዳኞች ላይ ነው። በእኛ የትምህርት ቤት ሜዳ ባንዲራውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከተማሪዎች መሀል የተመረጠ ልጅ ነው፤ መስመሩን የሚሮጠውም ተመልካቹ ወደ ሜዳው ገፍቶ በገባበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ የሰው እግር እየዘለለ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከተከላካዩ ጋር እኩል ሆኖ መገኘት አይቻልም። ስለዚህ ያ ልጅ የሚሳሳትበት አንዱ ምክንያት የሚሰድበው ተመልካች ራሱ የቆመበት ቦታ ነው።

ኳስን በእጅ መንካትም ዘወትር የሚያጨቃጭቅ ነው። እጅ የነካ ኳስ ሁሉ ቅጣት ምት አያሰጥም። ሆን ብሎ መንካት፣ ወይም እጅን ከተፈጥሯዊ አቀማመጡ አውጥቶ ሰውነትን በማስፋት መንካት ነው የሚያስቀጣው። አጥቂ ግን ሳያስበው እንኳ ኳሱ እጁን ነክቶ በቀጥታ ጎል ቢገባ፣ ወይም እጁን እንደነካ ወዲያው ቢያገባ ጎሉ አይጸድቅም። ሕጉ ራሱ በቅርብ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት የሠለጠነ መምህር ዛሬም በድሮው ቢዳኝ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። አዲሱን ሕግ ማን አደረሰለት?

በቴሌቪዥን የሚታየው ኳስ ይህን ችግር አባብሶታል። ልጆቹ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ሲያዩ አንድ ክስተት ከአምስት አቅጣጫ፣ በዝግታ፣ መስመር ተሥምሮበት ይቀርብላቸዋል። እዚያ እንኳ የቪዲዮ ረዳት ዳኝነት ከመጣ በኋላ ክርክሩ አልበረደም። የተማሪዎችን ጨዋታ የሚዳኘው ሰው ያለው ሁለት ዓይን፣ አንድ አቅጣጫና ከአንድ ሰኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ሕግ 5 በጨዋታው ውስጥ ስለተከሰቱ ነገሮች የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብሎ የደነገገውም ዳኛ አይሳሳትም ከሚል እምነት ተነሥቶ አይደለም። ጨዋታው እንዲቀጥል አንድ ሰው መወሰን አለበት፤ ስለዚህ ስህተቱም ጭምር የጨዋታው አካል ሆኖ ተፈቅዷል።

ጩኸቱስ ምን ያደርጋል? ብዙ ደጋፊ “ስሜታችንን ነው የገለጽነው፤ ማንን ጎዳ?” ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 40 ዳኞች በአንድ የሊቨርፑልና የሌስተር ሲቲ ጨዋታ ውስጥ የነበሩ 47 የኳስ ንጥቂያዎችን በቪዲዮ እንዲያዩና እንዲፈርዱ ተደረገ። ግማሾቹ ከተመልካቹ ድምፅ ጋር፣ ግማሾቹ ያለ ድምፅ አዩ። ድምፁን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የፈረዱት ጥፋት ድምፅ ካልሰሙት በ15.5 በመቶ ያነሰ ሆነ። ጩኸት ዳኛን ያዘነብላል ማለት ነው፤ ዳኛው ሳያውቀው፣ በጉቦም በዝምድናም ሳይሆን፣ በሰውነቱ። “ዳኛው ለባለሜዳው ያደላል” እያለ የሚጮኸው ደጋፊ በራሱ ሜዳ ላይ ሲጮህ ያንኑ አድልዎ እየሠራ ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም ስድቡ ጨዋነት የጎደለው ከመሆኑ አልፎ ፍርዱን ራሱን ያበላሻል።

ዳኛው ሊወቀስበት የሚገባው

ይህን ሁሉ ብዬ ዳኞቹን ከወቀሳ ነጻ ላወጣቸው አልፈልግም። የምወቅሳቸው ግን ደጋፊው በሚጮህባቸው ነገሮች አይደለም። በሁለት ሜትር የሳተ ባንዲራ ይቅር ሊባል ይችላል። ይቅር የማይባለው በዳኛው እጅ ያለውና ሊያደርገው ሲችል የተወው ነገር ነው።

የመጀመሪያው የልጆቹ ደኅንነት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰውነት እኩል አይደለም፤ በአንድ ሜዳ ላይ ጢም ያወጣ ወጣትና ገና ቁመት ያልጣለ ልጅ ይጋጠማሉ። ከኋላ የሚመጣን አደገኛ አገባብ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ “ጨዋታው እንዳይበላሽ” ብሎ በዝምታ ያለፈ ዳኛ፣ በሁለተኛው አጋማሽ የሚሰበረው እግር ላይ ድርሻ አለው። ሁለት ተጫዋቾች በጭንቅላታቸው ሲጋጩ ጨዋታውን ወዲያው ማቆም ግዴታው ነው። የወደቀው ልጅ ውኃ ተረጭቶበት ሲነሣ “ደህና ነኝ” ማለቱ አይበቃም፤ በዚያ ዕድሜ ከጨዋታ ለመውጣት የሚፈቅድ ልጅ የለም። የጎል ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ በደንብ መተከላቸውን መርምሮ መግባትም የዳኛው ሥራ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ከጨዋታው ቀደም ብሎ መድረስ ይጠይቃል፤ ዘግይቶ፣ ፊሽካውን እየነፋ ከመንገድ ወደ ሜዳ የሚገባ ዳኛ አይመረምረውም።

እዚህ ላይ ከሕጉ ጽሑፍ የሚከብድ አንድ እውነተኛ ፈተና አለ። ሕግ 4 ተጫዋች ሁሉ ጫማና የቅልጥም መከላከያ እንዲያደርግ ያዛል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ታኬታ ጫማ በጋራ የሚለብሱ ልጆች አሉ፤ የወጣው ተጫዋች ጫማውን አውልቆ ለገባው የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የቅልጥም መከላከያማ ብርቅ ነው። ዳኛው ሕጉን እንደተጻፈው ቢያስከብር ከሁለቱ ቡድኖች ሰባት ሰባት ተጫዋች ላይቀርለት ይችላል፤ ከሰባት በታች ከሆኑ ደግሞ ጨዋታው መጀመር አይችልም። ችላ ብሎ ቢያጫውትና ልጅ ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ በደል ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው አካል በጋራ የሚያገለግሉ ጥቂት መከላከያዎችን አዘጋጅቶ በየጨዋታው ቢያቀርብ፣ ወይም ያለ መከላከያ እንዲጫወቱ ራሱ በጽሑፍ ወስኖ ኃላፊነቱን ቢወስድ ዳኛው ከዚህ አጣብቂኝ ይወጣል። የመጀመሪያው እንደሚሻል መናገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ወቀሳዬ አነጋገርን ይመለከታል። ከልጅ ጋር እየተሰዳደበ የሚዳኝ ሰው አለ። “ዝም በል፣ አንተ ማን ነህ?” ብሎ የሚጀምር ዳኛ ቢጫ ካርድ ሲያወጣ ካርዱ የቅጣት ሳይሆን የበቀል ይመስላል። ካርድ የመጣበትን ምክንያት ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝና በአርጀንቲና ጨዋታ ዳኛው ማንን እንዳስጠነቀቀና ማንን እንዳስወጣ ተጫዋችም ተመልካችም በግልጽ ሳያውቅ ትልቅ ግርግር ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ኬን አስተን ቢጫና ቀይ ካርድን ከትራፊክ መብራት ወስዶ ሐሳብ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫም ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ዋለ። ካርዱ የተፈጠረው ውሳኔ ለሁሉም እንዲታይ ነው። ጥሩ ምልክት የሚያሳይ፣ እጁን ዘርግቶ ቅጣት ምቱ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በሁለት ቃል የሚናገር ዳኛ ያነሰ ይጮህበታል። ይህ ተሰጥኦ አይጠይቅም።

ሦስተኛው የጥቅም ግጭት ነው። መምህር የራሱን ትምህርት ቤት ጨዋታ መዳኘት የለበትም፤ የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ሰው ቢሆን። ሰው ስላጣን ነው የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ግን ሁለት መምህራን ጨዋታ ተለዋውጠው ሲዳኙ ችግሩ ያለ አንዳች ወጪ ይቃለላል።

ወሬውና መዝገቡ

ጨዋታው ካለቀ በኋላ “ዳኛው ተገዝቷል” የሚለው ወሬ ከሜዳው ፒያሳ ሳይደርስ እውነት ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ የኢትዮጵያዊው ዳኛ የሥዩም ታረቀኝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1970፣ በዚያው ካርድ በተጀመረበት የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ፣ ጣሊያንና እስራኤል ቶሉካ ከተማ ላይ ያለ ጎል ተለያዩ። ሥዩም የመስመር ዳኛ ነበሩ፤ ባንዲራቸውን አንሥተው የታላቁ አጥቂ የጂጂ ሪቫ ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። ጣሊያን ውስጥ ቁጣ ተነሣ። ጨዋታውን ያስተላለፈው አንጋፋው የጣሊያን ስፖርት ጋዜጠኛ ኒኮሎ ካሮሲዮ ኢትዮጵያዊውን ዳኛ በዘረኛ ቃል ሰድቧል ተብሎ ተከሰሰና ከቀሪዎቹ የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታዎች ተነሣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የስርጭቱ ቅጂ ሲመረመር የተባለው ስድብ አልተገኘበትም።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረኝ በሁለት በኩል ነው። አገራችንን በአምስት ዓመት ወረራ ባስጨነቀች አገር ቡድን ላይ፣ በዓለም ፊት፣ ያየውን አየሁ ብሎ ባንዲራ ያነሣ ኢትዮጵያዊ ነበረን፤ ይህን ተማሪዎቻችን ሊያውቁት ይገባል። በሌላ በኩል ደግሞ የተናቀው ዳኛ ጠበቃ የመሰለው ወሬ ራሱ ሌላ ሰው በድሏል። ካሮሲዮን በመጨረሻ ያዳነው ቅጂው ነው። በሰማሁት ብቻ ዳኛን ጉቦኛ የሚል ሰው፣ በሰማሁት ብቻ ጋዜጠኛን ዘረኛ ካለው ሰው አይለይም።

የእኛ የትምህርት ቤት ውድድር ትልቁ ጉድለት ቅጂ የሌለው መሆኑ ነው። ቪዲዮ ማለቴ አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ማለቴ ነው። ዳኛ ሲገፋ ወይም ሲመታ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በሽምግልና ነው። ልጁ ይቅርታ ይጠይቃል፣ መምህራን መሀል ይገባሉ፣ ዳኛውም “ልጅ ነው፣ ይቅር ብያለሁ” ይላል። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ከማባረር እጅግ የተሻለ ነው፤ የተጣሉትንም እንደገና በአንድ ከተማ ያኖራል። ሆኖም እርቁ ከወረደ በኋላ ሪፖርት ሳይጻፍ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ቡድን፣ ያው አሠልጣኝ፣ ያው ጥፋት ይደገማል፤ ማንም ደግሞ መደገሙን የሚያሳይበት ነገር የለውም። ይቅርታም መዝገብም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በዳኛው በኩል ያለው ጥፋትም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ውድድር ሦስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ዳኛ ላይ ተመሳሳይ ቅሬታ ቢኖራቸው የሚያገናኘው ወረቀት ስለሌለ ሦስቱም እንደ ተሸናፊ ለቅሶ ይቆጠራሉ።

ስለዚህ ከየጨዋታው በኋላ የሁለቱም ቡድን መሪዎች ስለ ዳኛው የሚሞሉት፣ ዳኛውም ስለ ሁለቱ ቡድኖች የሚሞላው አንድ ወረቀት ይኑር። በጨዋታው ትኩሳት እንዳይሞላ በማግስቱ ይሁን። ጥያቄዎቹም ቀላል ይሁኑ፦ በሰዓቱ ደረሰ? ሜዳውን መረመረ? ከኳሱ ጋር ተንቀሳቀሰ? ጉዳት ሲደርስ አቆመ? ተጫዋቾችን እንዴት አናገረ? “ጎላችንን ሻረብን” የሚል ሳጥን አያስፈልግም። ያሸነፈው ቡድን የሚጽፈው ከተሸናፊው ጋር ሲገጥም ያኔ ነው ለዳኛው የሚነገር ነገር የተገኘው፤ ምስጋናም ከሆነ እውነተኛ ምስጋና፣ ወቀሳም ከሆነ ሊያርመው የሚችል ወቀሳ። ልምድ ያለው አንድ ዳኛ ወረቀቶቹን በወር አንድ ጊዜ ከዳኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያያቸው ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

በጨዋታው መሀል ላለው ጩኸትም ዓለም የሞከራቸው መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን ባስተናገደችው የአውሮፓ ዋንጫ ስለ ውሳኔ ዳኛውን ቀርቦ እንዲጠይቅ የተፈቀደው አምበሉ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከከበበ ቢጫ ይመዘዝበታል። ይህ ለትምህርት ቤት ከማንም በላይ ይስማማል፤ አንድ ልጅ በጓደኞቹ ስም በጨዋነት መጠየቅን ይማራል፤ ዳኛውም ለአንድ ሰው መመለስ ይችላል። ዳኛ የቆመውን ጨዋታ እንደገና ካላስጀመረ ውሳኔውን ማረም ስለሚፈቀድለት የአምበሉ ጥያቄ ከንቱ አይሆንም። የእግር ኳስ ሕጎቹ ለወጣቶች ውድድር ጊዜያዊ ቅጣትንም ይፈቅዳሉ፤ የሚያጉረመርመው ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃዎች ወጥቶ ተቀምጦ ይመለሳል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በታችኛው እርከን ሲሞክረው በዳኛ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ በ38 በመቶ መቀነሱን አሳውቋል። ለ16 ዓመት ልጅ ከሜዳ ዳር አሥር ደቂቃ መቀመጥ ከቀይ ካርድ የተሻለ ትምህርት እንደሆነ አምናለሁ። ይህ ግን የብሔራዊ ፌዴሬሽኑን ፈቃድ ይጠይቃል።

ባንዲራ የሚይዙት ተማሪዎችም ለብቻቸው ሊታሰብባቸው ይገባል። ዛሬ ጨዋታው ሊጀመር ሲል “አንተ ና፣ ያዝ” ተብለው ነው የሚገቡት። በየትምህርት ቤቱ አራት አምስት ተማሪ ተመርጦ ሕጎቹን ቢማር ስድቡም የሚቀንስ ይመስለኛል፤ አንድ ቅዳሜ ባንዲራ ይዞ የዋለ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳር ቆሞ ሲጮህ ይከብደዋል። ሴት ተማሪዎችን ከዚህ የሚያስቀር ምክንያትም የለም። ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ሆና እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 ከሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኞች መካከል የነበረች ኢትዮጵያዊት ናት። ባምላክ ተሰማም እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ጥቂት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ነበር። ይህች አገር ዋንጫው ላይ ቡድን አልላከችም፤ ዳኛ ግን ልካለች። ስለ ጎል አግቢዎቻችን በምናወራበት አፍ ስለ እነዚህም ልናወራ ይገባል።

የቀረው ገንዘብ ነው። ከክፍል ወጥቶ ለሚዳኝ መምህር የትራንስፖርትና የምሳ አበል በሰዓቱ መክፈል፣ ውኃ ማቅረብ፣ ልብስ የሚቀይርበት አንድ ክፍል መክፈትና ጨዋታው ሲያልቅ እስከ መንገድ የሚሸኘው ሰው መመደብ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አበሉ ውድድሩ ካለቀ ከወራት በኋላ የሚከፈለው ዳኛ በመዝጊያው ዕለት የሚሰማው ጭብጨባ ምንም አይመስለውም። የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የጨዋታ መርሐ ግብር ለትምህርት ቤቶች ሲላክ የግምገማው ወረቀት አብሮት ሊላክ፣ የዳኞቹም አበል ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል።